ከጉድጓዳችን የበሉት አይጦች

ባለፈው ሳምንት በቆሎ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ልጆቼ ይቆጡኛል፤ «አባዬ፣ ዱቄት በየሱቁ ሞልቶ ምን ያንገላታሃል?» ይሉኛል። እኔ ግን እህሉን በእጄ ዘግኜ ሳላየው፣ ሳላሸተው የተፈጨ ዱቄት አልበላም። ግትርነት ነው ካሉም ይበሉ። ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ ገና አላባራም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባለባጃጁ እስከ በሩ አልገባም ስላለኝ ከረጢቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ።

ከፊቴ ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጅ አዝላለች። ተራዋ ደርሶ ከረጢቷን ወፍጮው አፍ ላይ ስትገለብጠው ሽታው ወደ እኔ መጣ። ብዙ ሰው ይህን ሽታ አይለየውም። እርጥብ አፈር ይመስላል፤ ሳጥን ውስጥ የከረመ ጨርቅም ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር አለው። ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ይህ በቆሎ ሻግቷል» አልኳት።

«አውቃለሁ አባባ። አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።»

«መታጠብ አያወጣውም። ልጅሽን አታብዪው።»

ዘወር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «ሌላ ካለዎት ይስጡኛ!» አለች።

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። ወፍጮ ፈጪውም ከብናኙ ውስጥ ሆኖ፣ «አባባ ዛሬ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሆነውልናል!» ብሎ ጮኸ። የምሰጣት አልነበረኝም፤ የምመልስላትም አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄው አውቃለሁ። ያኔም መልስ አልነበረኝም።

የተወለድኩት ከፎንቆ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴን ኤርሲዶን «አና» ነበር የምንለው፤ በሀዲይኛ አባት ማለት ነው። ቤታችን በእንሰት የተከበበ ነበር። እንሰት ያለው ቤት ዝናብ ቢቀርም ድንጋጤ የለበትም፤ ሥሩን ፍቆ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ ኮባ አልብሶ ይቀብረዋል፣ ሲፈልግ ያወጣዋል። ቆጮ ደግሞ እንደ ሌላ እህል አይደለም። ከርሞ ሲወጣ ይሸታል፤ እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኛ ግን በዚያ ሽታ ነው መብሰሉን የምናውቀው። ከላይ ሻጋታ ቢይዘው በቢላ ይፋቃል፣ ከሥሩ ያለው ይበላል። የከረመ ቆጮ የክብር ምግብ ነው። አሁን የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ከስንፍና ወይም ከድንቁርና የመጣ እንዳይመስላችሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ እንሰታችን ታመመ። መጀመሪያ መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ አንገቱ እንደተሰበረ ሰው ተንጠለጠለ። ግንዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መግል ይመስላል። ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛመተ። የዚያ ዓመት ያሆዴ፣ የእኛ የሀዲያዎች የመስቀል በዓል ማለቴ ነው፣ ያለ አተካና አለፈ። አተካና ከእንሰት ቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራ ነው፤ ያለ አተካና ያሆዴ ማለት ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ማለት ነው። እናቴ ለበዓሉ ብላ ያጠራቀመችው ቅቤ ቅሉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቡላ ከየት ይምጣ!

ከዚያ በኋላ በቆሎ በላተኛ ሆንን። መጀመሪያ ያመረትነውን ቤት ውስጥ አስቀመጥነው፤ ግማሹን ነቀዝ፣ ግማሹን የቤት አይጥ ጨረሰው። አና ይህን አየ። በሚቀጥለው መኸር ጓሮ ሄዶ ቁመቱን የሚያህል ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውስጡን ጭድ አንድዶ አደረቀው፣ ኮባ በኮባ ላይ አነጠፈበት፣ የተፈለፈለውን በቆሎ ሞላው፣ እንደገና ኮባ አልብሶ ድንጋይና አፈር ጫነበት። «ቆጮን የጠበቀ መሬት በቆሎንም ይጠብቃል። ነቀዝ ከአፈር በታች አይወርድም» አለ። በቆሎው ያኔ በደንብ አልደረቀም ነበር፤ ዝናቡ ቶሎ ስላልለቀቀን እርጥቡን ነው ያስገባነው። ቆጮም እርጥቡን ነው የሚገባው። ማን ይጠራጠር?

ጉድጓዱ ሲከፈት እንፋሎት ወጣ። እጄን ሳስገባ ይሞቅ ነበር። ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ አንዳንዱ አመድማ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኗል። እናቴ ትንሽ አመነታች።

«ምነው? ቆጮስ ሲወጣ ሽቶ ሽቶ ነው የሚለው?» አላት አና።

ነቀዝ አንድም የለበትም። አይጥ አልደረሰበትም። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየ፤ ሄዶም ቆፈረ። አና በመንደሩ በጣም ተከበረ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ «ባለ ጉድጓዱ» እያሉ ቦታ ይለቁለታል። እናቴ እያጠበች፣ እያደረቀች፣ እየፈጨች ቂጣ ትጋግርልናለች። መረር ይላል። ከጎመንና ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር ሲሆን ግን አይታወቅም። እንዲህ እያልን ዓመት ለዓመት በላን።

ሄራሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። በመንደራችን እሱን የሚያህል ጉልበተኛ አልነበረም። በሬ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሰው ሁሉ ገመድ ፍለጋ ይሮጣል፤ ሄራሞ ሸሚዙን አውልቆ ይገባል። አማረች የምትባል ልጅ ካገባ ብዙም አልቆየም ነበር። እሷ ስታረግዝ የእሱም ሆድ መነፋት ጀመረ። እግሩ ቀጠነ፣ ሆዱ ግን ከበሮ ሆነ፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ገባበት። እሱ መቀለዱን አልተወም። «አማረች ብቻዋን ትልፋ እንዴ? እኔም እያገዝኳት ነው» ይል ነበር። በመንደሩም እንደሱ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አንዱን ቀብረን ነበር።

እኔ ያኔ ሆሳዕና በአንድ ጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ሸክም እሠራለሁ፤ አማርኛም እዚያው ነው የለመድኩት። አንድ ቀን ዶክተር ሰይፉ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጣ። የላከውን መሥሪያ ቤት ስሙን ነግሮን ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ሆዱ የሚነፋ ሰው በዛ ተብሎ ተነግሮት ሰው የሚበላውን ሊያይ ነው የመጣው። ሀዲይኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ፈለገ፤ እኔ ሄድኩ። የእኛ መንደር ስንደርስ አና ደስ ብሎት ጉድጓዱን ራሱ ከፈተለት። ዶክተሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ ዘገን አወጣ፤ አየው፣ አሸተተው።

«በላቸው፣ ይህን በቆሎ እጠረጥረዋለሁ» አለኝ። «ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለው ሻጋታ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ለመሆን ከዚሁ እህል ወስጄ እንስሳ ላይ ማየት አለብኝ።»

ተረጎምኩ። አና ሳቀ። «ሽታ ፈርቶ ነው በለው። እኛ ሽታ አንፈራም። ይውሰድ፤ የፈለገውን ያህል ይውሰድ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ ተለወጠ።

ነጫጭ አይጦች መጡ። ዓይናቸው ቀይ ነው፤ እንደ አገራችን አይጥ አይሮጡም፤ እጅ ላይ ይቀመጣሉ። ዶክተሩ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ በሽቦ ሳጥን አስቀመጣቸው። እኔ ከሥራቸው ሰጋቱራ እለውጣለሁ፣ ውኃ እሞላለሁ፣ እቀልባለሁ። የአንዱ ወገን አይጦች ከገበያ የተገዛ ንጹሕ በቆሎ ይበላሉ። የሌላው ወገን ደግሞ እኔ ራሴ ከጉድጓዳችን ተሸክሜ ያመጣሁትን። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እናቴ ለቤት የምትፈልገውን ወስዳ የቀረውን ነው ለአይጦቹ የማመጣው። አንድ ገበታ ማለት ነው።

መንደር ስሄድ መሳቂያ ሆንኩ። ሰው ሁሉ አይጥ ለመግደል ሲዳክር የአና ልጅ ለአይጥ ሎሌ ሆነ ተባለ። ሄራሞ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«አማቾችህ እንዴት ናቸው?» ይለኛል፤ አይጦቹን ማለቱ ነው።

«ደኅና ናቸው።»

«ወፍረዋል?»

«ወፍረዋል።»

«እሰይ! ከኛ ገበታ በልተው እነሱ ከወፈሩ እኔም እወፍራለሁ» ብሎ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። እውነትም መጀመሪያ ላይ አይጦቹ ምንም አልሆኑም። እኔም ዶክተሩ ተሳስቷል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። የጉድጓዱን በቆሎ ስሰጣቸው መጀመሪያ ያሸቱታል፤ ከዚያ ትተውት ጥግ ይይዛሉ። ቆይተው ሲርባቸው ይመለሳሉ። አይጥም እንደ ሰው ነው፤ ሌላ ከሌለ ይበላል።

በጋው አልፎ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ የእኛ እህል በላተኞች ጠጉራቸው ቆመ። ከሱ። እጄ ላይ ሳወጣቸው አጥንታቸው ይቆጠራል። ዶክተሩ ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹን ገና ሲጀምራቸው፣ አንዳንዶቹን ደግሞ በደንብ ከታመሙ በኋላ ወደ ንጹሑ በቆሎ አዛወራቸው። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከዚያ የሚከፈቱበት ቀን ደረሰ።

በጥጥ ማደንዘዣ እንዲያሸቱ አድርጎ ገደላቸውና በመቀስ ሆዳቸውን ከፈተ። እኔ በግ ያረድኩ፣ በሬ የበለትኩ ሰው ነኝ፤ ጉበት አውቃለሁ። ንጹሑን የበሉት ጉበታቸው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ያብረቀርቃል። የእኛን የበሉት ግን ቢጫ ሆኗል፤ ላዩ ጉብ ጉብ ብሏል፤ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ይመስላል። ኩላሊታቸው ነጥቷል። ዶክተሩ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው።

«ገና ሳይብስባቸው ያዛወርናቸው ተሻሽለዋል። ተመልከት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወደ ቀይ ተመልሰዋል። «ዘግይተን ያዛወርናቸው ግን ምግቡ ቢለወጥም ጉበታቸው አልተመለሰም። ጠባሳ ነው። ጠባሳ ተመልሶ ሥጋ አይሆንም።»

«ወንድሜ ከየትኛው ነው?» አልኩት።

ጓንቱን አወለቀ። ቅን ሰው ነበር፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። «ሀንዲሶ፣ እኔ አላውቅም። መንደራችሁ በመጣሁ ጊዜ ጉበቱን በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ጠጥሯል። ግን ምን ያህል እንደሄደ ሳይከፈት አይታወቅም። አሁኑኑ ያቁም። ሁላችሁም አቁሙ» አለኝ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከሆሳዕና መንደራችን በእግር ጠዋት የወጣ ለምሳ ይደርሳል። መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤ በቆሎው ገና ከጉልበት አላለፈም። እሸት እስኪደርስ ክረምቱ ሙሉ ይቀራል። ይህን እያየሁ ነው የሄድኩት። ስደርስ ለአና ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ናቀኝ እንጂ።

«አይጥና ሰው ምን አገናኘው? የአይጥ መርዝ ለሰው መድኃኒት ነው።»

«መጥተህ እይ» አልኩት።

«ምኑን ልይ?»

«ጉበታቸውን። አንተ ማየት ታውቃለህ።»

ይህን የሚያነሳበት ሰው አልነበረም። አና ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱና ወንጌል ከማመኑ በፊት ሞራ ገላጭ ነበር። ከብት ሲታረድ ሞራውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ዝናቡን፣ ሞቱን፣ መንገዱን የሚናገር ሰው ነበር። ካመነ በኋላ ትቶታል፤ ስሙም እንዲነሳበት አይፈልግም። እኔ ስላነሳሁበት ፊቱ ጠቆረ። ግን ጋቢውን አንስቶ ተከተለኝ።

ሆሳዕና አድረን ጠዋት ስንደርስ ዶክተሩ ከታመሙት የቀሩትን እየከፈተ ነበር። ማብራራት ሲጀምር አና እጁን አነሳ። «ዝም ይበል በለው» አለኝ። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወሰደው። አይጥ በሁለት ጣቱ የሚነካ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ጉበቷን ገልብጦ ከሥሯ አየ፤ የንጹሑንም አይቶ መልሶ የእኛን አየ። እንደ ድሮው አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ሳህኑን አስቀመጠና እጁን በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ።

«ምን አለ?» አለ ዶክተሩ።

አና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ ዋርካ ሥር ቆምን። ያኔ ነው የተናገረው።

«ሞራ መጥፎ ሲያሳይ ማፍረሻ አለው» አለኝ። «ነጭ በግ ይታረዳል፣ ወይ ማር ይፈስሳል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ውሸት ነበር፤ ግን ሰው የሚያደርገው ነገር ነበረው። የዚህስ ማፍረሻው ምንድን ነው?»

«ሌላ መብላት ነዋ!»

«ሌላ ምን?»

እንሰቱ ሞቷል። በቆሎው ከጉልበት በታች ነው። ከአና ጉድጓድ ሌላ ያለው የጎረቤት ጉድጓድ ነው፤ እሱም የአና ትምህርት ነው። ዝናቡ ሲያባራ አና ቀድሞኝ ሄደ፤ እስከ ቤት ድረስ ጀርባውን እያየሁ ነው የተከተልኩት።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ አና ጉድጓዱን ከፈተ። ማንንም አልጠራም። በቆሎውን በቅርጫት እያወጣ ከጓሯችን በታች ወዳለው ገደል ይደፋው ጀመር። እኔም ገብቼ አገዝኩት። ሄራሞ መቆም አቅቶት በር ላይ ተደግፎ ያያል። ያን ጉድጓድ ማፍሰስ ለአና ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ «ባለ ጉድጓዱ» የተባለው ሰው ተሳስቻለሁ፣ መንደሬን ያበላሁት መርዝ ነው ብሎ በአደባባይ መናገሩ ነው።

ሰው መጣ። ሴቶቹ ቅርጫት ይዘው መጡ። ያን ጊዜ ነው ከገደሉ በታች ሲለቅሙ ያየናቸው።

«ተዉ! መርዝ ነው! አትንኩት!» ብሎ ጮኸ አና።

«አቶ ኤርሲዶ፣ ምን ነካዎት?» አለች አንዷ ቀና ብላ። «እርስዎ ከጠገቡ እኛ አልጠገብንም!»

«ይገድላችኋል እኮ እላለሁ!»

«የሐምሌ ረሃብም ይገድለናል፤ እሱ ደግሞ ይቸኩላል!» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ገደሉን አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ ለቀሙት። አና ወርዶ ቅርጫት ሊነጥቅ ሞከረ፤ አንድ ጎረምሳ በአክብሮት እጁን ይዞ መለሰው። «አባባ፣ እባክዎን፣ ይደክምዎታል» ይለዋል። አና ተመልሶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። የራሱን ጉድጓድ ማንም አላፈሰሰም፤ ሁሉም አና አረጀ፣ አእምሮው ተነካ አሉ።

የእናቴ ዘመዶች አንጋጫ የሚባል አገር ይኖሩ ነበር፤ እነሱ ዘንድ እንሰቱ ገና አልተነካም። አና ሄዶ ለምኖ አንድ አህያ ቆጮ ጭኖ መጣ። እኔም ዶክተሩ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ከንጹሑ በቆሎ የተረፈውን ሰጠኝና ለሄራሞ ተሸክሜለት ሄድኩ።

«የአማቾችህን ቀለብ አመጣህልኝ?» አለኝ እየሳቀ።

«ብላ፤ ንጹሕ ነው።»

«እነሱስ?»

«አልቀዋል።»

አማረች ቀቀለችለት። እሱ ግን ግማሹን ወደ እሷ ገፋው፤ «ለሁለት ነው የምትበዪው፣ እኔ ይህ ሆዴ ባዶ ነው፤ ውኃ ብቻ ነው» አላት። እሷ ውጭ ስትወጣ እጄን ያዘኝ።

«ሀንዲሶ፣ ሁለት ዓይነት አሉ አልክ፤ የሚመለሱና የማይመለሱ። እኔ ከየትኛው ሳጥን ነኝ?»

«አላውቅም።»

«ሐኪሙስ?»

«እሱም ሳይከፍት አያውቅም።»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እንግዲያ አይወቅ!» አለ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነበር። አንዳንድ ቀን ቢጫው የለቀቀ ይመስለኛል፤ ደጁ ላይ ብርሃኑ ሲሻል ነው። አንዳንድ ቀን ይበልጥ ይመስለኛል። ንጹሑ በቆሎ አለቀ። ከአንጋጫ የመጣው ቆጮም አለቀ። ዝናቡ ሌት ተቀን ይጥላል፤ ከጎመን በቀር ደጅ ላይ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ቀን እናቴ ቂጣ አቀረበች። ሁላችንም ሽታውን አወቅነው። ከገደሉ ከለቀሙት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች፤ ደብቃ አስቀምጣዋለች። ማንም ከየት አመጣሽው አላላትም። አና ቂጣውን ብዙ አየው። ከዚያ ጸለየ፣ ቆረሰ፣ በላ። እሱ ሲበላ እኛም በላን።

ሄራሞ እሸት ሳይደርስ ሞተ። አማረች ከቀብሩ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ዶክተሩ ለበላይ አሳውቃለሁ ብሎ ነበር የሄደው፤ ያሳውቅ አያሳውቅ እኔ አላውቅም፤ ወደ መንደራችን ግን የመጣ ሰው አልነበረም። አና ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በኖረበት ዘመን ሁሉ ስለ ጉድጓዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሌላውም ሰው አላነሳበትም። መንደሩ በጉድጓድ ማስቀመጡን የተወው እንሰቱ እንደገና ተተክሎ ሲያገግም ነው፤ ማለትም ማንም አስተምሮት አይደለም፤ ሌላ ሲያገኝ ተወው።

በወፍጮ ቤት ያገኘኋት ሴት ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ በበሩ ሰላም ብላኝ አለፈች። የእኔንም አስፈጭቼ ቤቴ ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ቢሆንም ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚያች ሴት ልመልስላት ያልቻልኩትን ባገኝ ብዬ ነበር። ይኸው እዚህ ደርሼም አላገኘሁም። ሰው እውነቱን ቢያውቅ ይድናል ይላሉ፤ ሲሰበክም እሰማለሁ። እኔ ግን ያየሁት ሰው እያወቀ ሲበላ ነው፤ አባቴም እያወቀ በላ፣ እናቴም፣ እኔም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። አይጦቹ በተከፈቱ ቀን የእኛን በቆሎ ከአንድ ሳጥን፣ ከአንድ ሳህን እስከ መጨረሻው ከበሉት መሐል ጥቂቶቹ ጉበታቸው ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ለምን ብዬ ዶክተሩን ጠይቄው ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ከሄራሞ ጋር ከአንድ ገበታ በላሁ፤ እሱ አፈር ሆነ፤ እኔ የልጅ ልጅ አየሁ። ሰዎች እግዚአብሔር ለዓላማ አተረፈህ ይሉኛል። ይሁን፣ አሜን እላለሁ። አንዳንድ ጠዋት ግን ከመነሳቴ በፊት ጋደም እንዳልኩ እጄን ከጎድን አጥንቴ በታች አስገብቼ እጫነዋለሁ። ጠንከር ያለ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ደግሞ የለም ይመስለኛል። የእኔን የከፈተው የለም።